ዕቃዬ የታለ? ከተለያዩ በኋላ የግል ንብረትን ስለ ማስመለስ

ባልና ሚስት ሲፋቱ ወይም አብረው የኖሩ ሰዎች ሲለያዩ፣ ብዙ ጊዜ ደም እስኪፈላ የሚያጣላቸው ቤትና መኪና አይደለም። የራሱ ቤት ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ መኪናማ ያለው ከዚያም ያነሰ ነው። ሰው የሚካረረው በምጣድ፣ በጀበና፣ በጋቢ፣ በአንድ ሣጥን ልብስና በፎቶግራፍ ነው። «ዕቃዬን መልስልኝ» ትላለች። «የምን ዕቃ? እዚህ ቤት ውስጥ ያንቺ የሚባል ነገር የለም» ይላታል። ጎረቤት ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ የሚሰማ የለም።

ይህን የሰማ ሰው «ለአንድ ምጣድ ነው እንዴ ይህ ሁሉ?» ብሎ ይስቃል። እኛ ግን አንስቅም። እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ለምትተዳደር ሴት ምጣዱ መተዳደሪያዋ ነው። ምጣዱ እሱ ዘንድ ከቀረ ነገ ጧት የምትጋግርበት የላትም፤ የምትሸጠውም እንጀራ የለም ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የማን ዕቃ የማን እንደ ሆነ በምን እንደሚታወቅ፣ እንዴትስ ተጠይቆ ያለ ጠብ እጅ እንደሚገባ እንመለከታለን።

ምሳሌ የምንወስደው ከጉለሌ ነው። ጉለሌ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ክፍለ ከተማ ነው። ሽሮ ሜዳ፣ ቀጨኔ፣ አዲሱ ገበያ የሚባሉት ሰፈሮች እዚያ ናቸው። ሽሮ ሜዳ በሀገር ልብስ ገበያው፣ ቀጨኔ በሸክላ ሥራው የታወቁ ናቸው። ይህን አካባቢ የመረጥነው በምክንያት ነው። እዚያ ብዙ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር ብቻ ሳይሆን በአንድ ሥራ ላይም ይውላሉ። ሲለያዩ የሚካፈሉት የቤት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የሥራ መሣሪያ አለ፣ ገና ያላለቀ ሥራም አለ።

እንበል፣ አንድ ሸማኔ ሽሮ ሜዳ ይኖራል። ከጋሞ ደጋ ሲመጣ ሙያውን ከአባቱ ተምሮ ነበር። ሳያገባም የሽመና ዕቃውን አሟልቶ ገዛ። ሚስቱ ፈታይ ናት። ከእናቷ ቤት ስትወጣ መዳመጫዋን፣ ደጋኗን፣ እንዝርቷንና እናቷ ለሠርጓ የሰጠቻትን ጋቢ ይዛ መጣች። እሷ ጥጡን ትዳምጣለች፣ ትነድፋለች፣ ትፈትላለች። እሱ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ መወርወሪያውን ሲወረውር ይውላል። ድሩ ከሱቅ የተገዛ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ እሷ የፈተለችው ነው። አምስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። በስድስተኛው ዓመት ተጣሉ፤ ሽማግሌም ሊያስታርቃቸው አልቻለም። በተለያዩበት ቀን በሽመናው ላይ ከግማሽ ያላለፈ ጋቢ ነበር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ሲለያይስ? ያ ግማሽ ጋቢ የማን ነው?

እሱ «የሸመንኩት እኔ፤ ጋቢው የእኔ ነው» ይላል። እሷ ደግሞ «ያለ እኔ ፈትል ምን ትሸምን ነበር?» ትለዋለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። እንግዲህ ሕጉ ምን እንደሚል እንይ።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ክልሎች የራሳቸውን ሕግ ማውጣት ይችላሉ፤ የአማራ ክልል ለምሳሌ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን አውጥቷል። በአዋጅ 213 አንቀጽ 57 መሠረት፣ ባልና ሚስት በተጋቡበት ቀን በየግላቸው የነበራቸው ንብረት የየግላቸው እንደ ሆነ ይቀራል። ከተጋቡ በኋላም ቢሆን አንዱ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው የግሉ ነው። በአንቀጽ 62 ደግሞ፣ በትዳር ዘመን ሁለቱ ሠርተው ያገኙት ገቢ ሁሉ የጋራ ነው። ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ እንኳ የጋራ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ሸማኔው ቤት እንመለስ። የሽመናው ዕቃ ሳያገባ የገዛው ስለሆነ የእሱ ነው። መዳመጫው፣ ደጋኑ፣ እንዝርቱ የእሷ ነው። እናቷ የሰጠቻት ጋቢ ስጦታ ነውና የእሷ ነው። እሱ በጥሎሽ የሰጣት ቀሚስና የጆሮ ጌጥም የእሷ ነው፤ ተጣላን ብሎ «የሰጠሁሽን መልሺ» ማለት አይችልም። በትዳር ውስጥ የተገዛው ጥጥ፣ የተፈተለው ማግ፣ የተሸመነው ጋቢ ግን የጋራ ነው። በሽመናው ላይ ያለው ግማሽ ጋቢም እንደዚሁ። ሸማኔው «መሣሪያው የእኔ ስለሆነ በመሣሪያው የተሠራውም የእኔ ነው» ቢል አያስኬደውም። ይህ ለብዙ ሰው አይዋጥለትም፤ ግን ደጋግመን አስበን ስናየው ትክክል ሆኖ እናገኘዋለን። ፈታይዋ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትፈትል ያየ ሰው ይፈርዳል። መወርወሪያው ሲሮጥ ድምፁ ከውጭ ይሰማል፤ እንዝርት ድምፅ የለውም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

የጋራ የሆነው እኩል ይካፈላል። እኩል ማለት ግን እያንዳንዱን ነገር ከመሐል መቁረጥ አይደለም። በተቻለ መጠን ዕቃው በዓይነቱ ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዱም ይበልጥ የሚጠቅመው ይሰጠዋል፤ የበለጠ የደረሰው ለሌላው በገንዘብ ያካክሳል። የማይካፈልና የማይስማሙበት ነገር ካለ ይሸጥና ገንዘቡን ይካፈላሉ። ስለዚህ ያ ጋቢ ቢበቃ፣ እሱ ጨርሶ ይሽጠውና ዋጋውን ይካፈሉ። ቀዶ መካፈልማ ለማንም አይጠቅምም፤ በንዴት ይህን ያደረጉ ሰዎች ግን አይጠፉም።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ቦታ እንይ። አንቀጽ 63 እንደሚለው፣ አንዱ ተጋቢ «ይህ የግሌ ነው» ብሎ ካላስረዳ በስተቀር በቤቱ ያለው ንብረት ሁሉ የጋራ እንደ ሆነ ይገመታል። በአንዱ ስም የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ እንዲሁ ነው። ይህ ግምት በሁለት በኩል ይቆርጣል። ባልየው «ቴሌቪዥኑ በእኔ ስም ነው የተገዛው» ቢል ሚስት ድርሻዋን አታጣም። በሌላ በኩል ግን፣ እሷ ከእናቷ ቤት ያመጣችውን ጋቢ ከእናቷ ቤት እንዳመጣችው የምታስረዳበት ነገር ከሌላት ጋቢው የጋራ ነው ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ዕቃው የራስ መሆኑ ብቻ አይበቃም ማለት ነው። ማስረዳት ያስፈልጋል።

አያቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር። በሰማንያ ሲጋቡ እሷ ይህን ያህል፣ እሱ ይህን ያህል ይዞ መጣ ተብሎ በምስክር ፊት ይቆጠር ነበር። ከብቱ፣ እህሉ፣ ጌጡ በስሙ ይጠራል። ሲፋቱ እነዚያው ሽማግሌዎች ይጠሩና «በዚያን ቀን የቆጠርነው ይህ ነው» ይላሉ። ከተማ ስንገባ ሠርጉን አሳምረን ቆጠራውን ተውነው። ካሜራ እንጠራለን፤ ድንኳን እንተክላለን፤ ሙሽራዋ ምን ይዛ እንደ ገባች ግን አንድ ወረቀት ላይ የሚጽፍ ሰው አይገኝም። ማስፈር ፍቅርን መጠራጠር ይመስላቸዋል። የሰማንያው ቆጠራ ግን ለጠብ ሳይሆን ለትዳር የተደረገ ነበር።

የቀድሞው ሕግ ከአሁኑ ይለይ ነበር። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የቤተሰቡ አለቃ ባልየው ነበር፤ የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድረውም እሱ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በጋብቻም፣ በፍቺም ጊዜ ሁለቱ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ተከትሎ ነው የወጣው። ዛሬ ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ዕቃ ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። 500 ብር ዛሬ ምን ይገዛል ብለን ካሰብን፣ ሕጉ ማለት የሚቻለውን ዕቃ ሁሉ ያቅፋል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተጋቡ ሰዎች ነው። ነገር ግን ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩም ብዙዎች ናቸው። ቤት ኪራይ ስለተወደደ፣ ወይም ሠርግ የሚደግሱበት ስለሌላቸው፣ ወይም ዝም ብለው ስለተዋደዱ አንድ ክፍል ተከራይተው ይገባሉ። የ1952ቱ ሕግ እንዲህ ዓይነቱ አኗኗር የጋራ ንብረት አያስገኝም ይል ነበር። ሴትዮዋ አሥር ዓመት አብራ ሠርታ ብትወጣ «ሚስቴ አልነበረችም» ከተባለ ባዶ እጇን ትቀር ነበር ማለት ነው። የ1992ቱ ሕግ ይህን ለወጠው። እንደ ባልና ሚስት ሆነው ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት እንደ ተጋቢዎች ሁሉ የጋራቸው ይሆናል። 3 ዓመት ካልሞላስ? ያን ጊዜ እያንዳንዱ የራሱን ይወስዳል። እዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1193 ይመጣል፤ ተንቀሳቃሽ ዕቃን በእጁ የያዘ ሰው ባለቤቱ እንደ ሆነ ይገመታል። ጥሎ የወጣ ሰው ማስረጃ ከሌለው ተሸናፊ የሚሆነው ለዚህ ነው። ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥላ የምትወጣው ሴቷ ናት፤ በሌሊት፣ በነጠላ ጫማ፣ ልጇን ታቅፋ።

ከሁሉ የሚያሳዝነን ግን ከዓረብ ሀገር የምትመለሰው ሴት ናት። ቤይሩት ወይም ጂዳ በሰው ቤት ሠርታ ገንዘብ ለእጮኛዋ ትልካለች። «ፍሪጅ ግዛ፣ አልጋ ግዛ፣ ስመጣ እንጋባለን» ትለዋለች። እሱም ይገዛል። ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው የማን ስም ነው? የእሱ። ስትመለስ ሌላ ሴት አልጋው ላይ ታገኛለች። አልተጋቡም፤ አብረው 3 ዓመት አልኖሩም፤ ዕቃው በእሱ እጅ ነው፤ ደረሰኙ በእሱ ስም ነው። ያላት ነገር ቢኖር የላከችበት የባንክ ወረቀትና በስልክ የተጻጻፉት ነው። ስለዚህ እነዚያን ወረቀቶች አለመጣል ነው። በስልክ «ፍሪጁን ገዛሁልሽ» ብሎ የጻፈላት አንድ መልእክት ከአሥር ምስክር የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ስልኩ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ እንዳይቀር፣ መልእክቱን ለምታምነው ሰው አስተላልፋ ማስቀመጥ ይገባታል።

ስለ ብድርም አንድ ነገር እንበል፤ ፍቅረኛሞች ሲለያዩ «ያበደርኩህን መልስ» የሚባል ነገር አይቀርምና። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው፤ አለዚያ ተበዳሪው ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን ወይም በዚያው መሐላ ሲፈጸም ነው። ምስክር ብቻ ይዞ «ሲቀበለኝ አይተዋል» ማለት አይበቃም። የሚወዱትን ሰው «ፈርምልኝ» ማለት ያሳፍራል፤ እውነት ነው። አሳፋሪ የማይሆንበትም መንገድ አለ። ብሩን በእጅ ከመስጠት በባንክ ማስተላለፍና ምክንያቱ ላይ «ብድር» ብሎ መጻፍ ነው። ይህ ብቻውን የብድር ውል አይሆንም፤ ገንዘቡ መሰጠቱን ግን ማንም ሊክደው አይችልም።

እዚህ ላይ ማንበብና መጻፍ ምን ያህል እንደሚጠቅም ማየት እንችላለን። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ከተማሩት ብዙዎቹ በመጀመሪያ የተማሩት ስማቸውን መጻፍ ነበር። ስምን መጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 ግን ምን ይላል? ውል በተዋዋዩ እጅ መፈረም አለበት ይላል። መጻፍ የማይችል ሰው የጣት አሻራ ቢያደርግ፣ አሻራው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ይህ የማይጽፈውን ሰው ከመታለል ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ መልካም ነው። በሌላ ጎኑ ስናየው ግን፣ ሁለት ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው ዕቃ ሲረካከቡ አንደኛው መጻፍ ካልቻለ ወረቀታቸው ደካማ ነው ማለት ነው። መፈረም የሚችሉ ሁለት ሰዎች ግን በአንድ ገጽ ደብተር ነገሩን ይጨርሱታል።

አሁን ወደ መጠየቁ እንሂድ። ዕቃ ሊያስመልስ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አልጋውን አይደለም፤ ወረቀቱን ነው። መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የልጅ የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ፣ የባንክ ደብተር፣ የሕክምና ወረቀት፣ ፓስፖርት። አልጋ ይገዛል። የጠፋ ማስረጃን ለማስወጣት ግን ስንት ቀን እንደሚያመላልስ የቀመሰው ያውቀዋል። ደግሞም ወረቀቱን መያዝ ለያዘው ሰው ምንም ስለማይጠቅመው፣ በዕቃ የሚከራከር ሰው እንኳ ወረቀቱን ቶሎ ይሰጣል። ቀጥሎ የሥራ መሣሪያ፤ ምጣዱ፣ እንዝርቱ፣ የልብስ ስፌት መኪናው፣ ለሸክላ ሠሪዋም መሣሪያዎቿ። ከዚያ ልብስ። ሌላው ቢዘገይም ይዘገያል። ፎቶግራፍ የት ይግባ? ገበያ ላይ ዋጋ የለውም፤ ግን የሞተች እናት አንድ ፎቶግራፍ ከፍሪጅ ይበልጣል። እኛ ብንጠየቅ ከወረቀቶቹ ጋር እናስቀምጠው ነበር።

ብቻን መሄድ አይገባም። በተለይ ከዚህ በፊት እጅ የተነሣበት ቤት ከሆነ፣ ብቻ መሄድ ለዕቃ ሲባል ሕይወትን አሳልፎ መስጠት ነው። ሁለቱም የሚያከብሩት ሰው ይዞ መሄድ ያሻል፤ የዕድር ዳኛ ቢሆን፣ ክርስትና አባት ቢሆን፣ ያጋቧቸው ሽማግሌ ቢሆኑ። ቀን ይቀጠር፤ ቀኑም ቀን ይሁን እንጂ ማታ አይሁን። ሞቅ ያለው ወንድም ቤት ይቅር፤ እሱ የሄደ እንደ ሆነ ዕቃው ተረስቶ ሌላ ነገር ይጀመራል። አስቀድሞ የዕቃው ዝርዝር ይላክ። ሽማግሌው ገብተው እንዲህ ቢሉ ይሰማሉ፦

«ልጄ፣ ለፍርድ አልመጣንም። ይህች ልጅ የጻፈችውን አምጥተናል። ያንተ ነው የምትለው ካለበት ምልክት አድርግበት፤ የእሷ ነው የምትለውን አሁን እንረከብ።»

ይህ አነጋገር ጥሩ የሆነበት ምክንያት አለ። የተስማሙበትንና ያልተስማሙበትን ይለያል። ከሃያ ዕቃ አሥራ አምስቱ አያከራክርም፤ በአምስቱ ምክንያት አሥራ አምስቱ መታገት የለበትም። እሱ እምቢ ካለ፣ ወይም የሚያስፈራ ነገር ካለ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማስመዝገብ ነው።

«የራሴን ዕቃ ነው፤ ምን ጠያቂ አለብኝ» ብሎ እሱ በሌለበት መስኮት ገንጥሎ መግባትስ? ይህ አይሆንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያለ ፈቃድ የሰው ቤት መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል። ዕቃው የእሷ ቢሆንም ቤቱ የእሱ መኖሪያ ነው። ባለመብት ሆና ሄዳ ተከሳሽ ሆና ትመለሳለች። በተመሳሳይም የሄደችበትን ልብስ ማቃጠል፣ ፎቶ መቅደድ፣ ስልክ መስበር እሱን ያስጠይቀዋል፤ በንዴት ነው ማለት ከኃላፊነት አያድነውም።

ዕቃውን ሸጦት ቢገኝስ? ለምሳሌ እሷ ስትወጣ ትታው የሄደችውን የስፌት መኪና መርካቶ ምናለሽ ተራ ወስዶ ቢሸጠው? እዚህ ላይ ሕጉ መራራ ነው። ነገሩን ሳያውቅ፣ በቅን ልቦና፣ ዋጋ ከፍሎ የገዛና ዕቃውን የተረከበ ሰው ባለቤት ይሆናል። አንቀጽ 1161 የሚለው ይህንኑ ነው። የተሰረቀ ዕቃ ከሆነ ባለቤቱ ከገዢው መጠየቅ ይችላል፤ ትታው የሄደችው ዕቃ ግን በእጁ እንደ አደራ ነበርና ነገሩ ስርቆት ሳይሆን እምነት ማጉደል ነው የሚባለው። ገዢውን ትታ እሱን በዋጋው መጠየቅ ይኖርባታል። አደራ በላ መባል በሀገራችን ከሌባ የማይተናነስ ስድብ መሆኑን ብናውቅም፣ ስድቡ መኪናውን አይመልስም። ቶሎ መጠየቅ ግን ሊያስቀረው ይችል ነበር።

በሽምግልና ካልሆነ ፍርድ ቤት አለ። በቀበሌ ዘመን እንዲህ ያለው ጉዳይ በፍርድ ሸንጎ ይታይ ነበር። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 361 ለአዲስ አበባ የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች እስከ 5,000 ብር የሚደርስ የንብረትና የገንዘብ ክርክር እንዲያዩ ሥልጣን ተሰጥቷቸው ነበር። በአሁኑ ጊዜ ዕቃው የት ሊጠየቅ እንደሚገባ ለማወቅ ወደ ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ሄዶ መጠየቅ ነው። የፍቺ ጥያቄ ቀርቦ ከሆነ ግን ፍቺውን የሚያየው ችሎት ዕቃውንም ያያል። ክርክሩ እስኪያልቅም ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ጊዜያዊ ትዕዛዝ ይሰጣል፤ ከቤት ማን ይውጣ የሚለውን ሲወስን የልጆቹን ጥቅም ያያል። ብዙ የጉለሌ ሰው የሚኖርበት የቀበሌ ቤት ደግሞ የሁለቱም ንብረት አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆኑት ትርፍ ቤቶች ወገን ነው። «ደብተሩ በእኔ ስም ነው» ማለት ተከራይ ነኝ ማለት ብቻ ነው።

ዕድሩም አይረሳ። ዕድር ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው በአንድ አባወራ ስም ነው። ሲለያዩ የወጣችው ሴት ዓመታት የከፈለችበት ዕድር ለእሱ ይቀርና እናቷ ብትሞት ድንኳን የሚተክልላት ታጣለች። ይህ በሣጥን የሚወጣ ዕቃ ባይሆንም ከዕቃ ይበልጣል። እያንዳንዱ ዕድር የራሱ መተዳደሪያ ደንብ ስላለው፣ ሳይውል ሳያድር ጸሐፊውን አነጋግሮ በራስ ስም መመዝገብ ይቻል እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

በመጨረሻ የዕቃ መረካከቢያ ወረቀት እንዴት እንደሚጻፍ እናሳያለን። ባዶውን ቦታ እየሞላችሁ በደብተራችሁ ጻፉት።

የዕቃ መረካከቢያ

እኛ ከዚህ በታች የፈረምነው፣ አስረካቢ ……… እና ተረካቢ ………፣ ዛሬ ……… ቀን ……… ዓ.ም. በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ ……፣ የቤት ቁጥር …… ምስክሮች ባሉበት የሚከተለውን ተረካክበናል።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከነክዳኑ፣ የሚሠራ። አንድ ቀይ የእንጨት ሣጥን ከነቁልፉና ከነልብሱ። አንድ ነጭ ጋቢ፣ ጠርዙ ላይ የተጣፈ። ሁለት እንዝርት፣ አንድ ደጋን፣ አንድ መዳመጫ። የልጅ የክትባት ካርድ አንድ። ፎቶግራፍ 14።

ያልተስማማንበት፦ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ያላለቀ ጋቢ። እነዚህ በአስረካቢው እጅ ይቆያሉ፤ እስክንስማማ ወይም ፍርድ እስኪሰጥ አይሸጡም።

የአስረካቢ ፊርማ ……… የተረካቢ ፊርማ ……… ምስክሮች 1. ……… 2. ………

«ጠርዙ ላይ የተጣፈ» የሚለውን ልብ በሉ። «አንድ ጋቢ» ብቻ ቢባል የትኛው ጋቢ ነው? ሽሮ ሜዳ ጋቢ ሞልቷል። ምልክት ያለው ዕቃ በምልክቱ ይጻፍ። «የሚሠራ» የሚለውም እንደዚሁ ለኋላ ክርክር ይጠቅማል። ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት ድምፅን ከፍ አድርጎ ይነበብ፤ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለእሱ ይሰጥ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሸማኔው ሳያገባ የገዛው የሽመና ዕቃ በትዳር ዘመን ቢሰበርና ከጋቢ ሽያጭ በተገኘ ገንዘብ አዲስ ቢገዛ፣ አዲሱ የማን ይሆናል?

ሁለት ዓመት ከስምንት ወር አብረው ኖረው ከተለያዩ፣ እሷ በምን ማስረጃ ልትጠይቅ ትችላለች?

በቤታችሁ ካለው ዕቃ ከቤተሰብ በስጦታ ወይም በውርስ የመጣውን ቁጠሩ። ከየት እንደ መጣ የሚመሰክር ሰው ወይም ወረቀት ያለው የትኛው ነው?